ቀዝቃዛ አየር በጨርጨር፦ ከተራራው እስከ ሪሞቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚጓዝ አውቶብስ ሚኤሶን ሲያቋርጥ መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ጀምሮ ፊት ሲለበልብ የቆየው ወላፈን ተሳፋሪውን በአንድ ሐሳብ አስማምቶታል። መንገዱ ሜዳውን ለቆ ወደ ጨርጨር ተራሮች ሽቅብ ሲል ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ መታን» ይላል፤ አጠገቡ ያለው «ገና አሁን መተንፈሳችን ነው» ብሎ ይመልስለታል። ጭሮ ሲደርሱ መስኮቱ ተዘግቷል። በኢትዮጵያ አውቶብስ ውስጥ «ዝጋ» ባይ ተሸንፎ አያውቅም።

ሚኤሶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ፣ ጭሮ ወይም በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታው በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ መውጣት ብቻውን ሁለት ዲግሪ ተኩል ግድም ይቀንሳል። ወደ ቁኒና ከዚያ በላይ ወዳሉት ጋራዎች ለወጣ ልዩነቱ ይሰፋል። የኤሲ ሪሞት የያዘ ሰው አንድ ዲግሪ ለመቀነስ ቁልፉን አንዴ ይጫናል፤ በጨርጨር አንድ ዲግሪ ለመቀነስ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ነበር።

ዛሬ መኝታ ቤት ያለውን ኤሲ ከሥራ ቦታ ሆኖ በስልክ ማብራት፣ ሰዓት ሞልቶለት ራሱ እንዲጠፋ ማድረግ፣ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተናግሮ ማዘዝ ይቻላል። ስማርት ሆም የሚባለው ይህ ነው። ጭሮ ላይ ወሬው የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሰው ሙቀትን ከራሱ ለማራቅ ሲል መጀመሪያ ቦታን፣ ቀጥሎ ሰውን፣ በመጨረሻም ኤሌክትሪክን እንዴት እንዳዘዘ ማየት ለሚፈልግ፣ ደጋና ቆላ ጎን ለጎን ከተቀመጡበት ከዚህ አገር የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል።

የከተሞቹን ካርታ ቀድሞ የሳለው ጥላ ነው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆን ጦርነት አሸንፈው ሐረርን ከመያዛቸው በፊት፣ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣ ነጋዴ የሚያውቀው የአፋርን በረሃ ነበር። ቅኔን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ በዚያው መንገድ ነው የመጣው፤ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ግመሎቹን እየነዳ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ ሸዋ ገባ። ጠመንጃውን ለምኒልክ ሸጦ ሲመለስ ግን በ1879 ዓ.ም. አዲስ በተከፈተው የኢቱ መንገድ ነበር፤ አብሮት የአገሩ ሰው አሳሹ ጁል ቦሬሊ ነበር። የራምቦ የጉዞ ማስታወሻ ገለምሶን፣ ሂርናንና ቡርቃን በስማቸው ይጠራል። ሂርና ላይ ሲደርስ ስለ ደን፣ በጥላው ሥር ስለ መጓዝ፣ ስለ ቡና ዛፍም ያወራል። በበረሃ የመጣ ሰው ስለ ጥላ ቢጽፍ አይገርምም።

ኢቱ ኦሮሞዎች ይህን ለማወቅ ፈረንሳዊ አላስፈለጋቸውም። የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት ኦዳ ቡልቱም፣ ዛሬ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተጠራበት፣ ዛፍ ያለበት ቦታ ነው። ሕግ የሚወጣውና ክርክር የሚሰማው ከዛፍ ሥር ነበር። የአሰቦት ሥላሴ ገዳም መነኮሳትም ቢሆኑ ከሚኤሶ ሜዳ ዳር ቀጥ ብሎ የወጣውን ደን የለበሰ ተራራ የመረጡት ለጸሎት ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ከታች ያለውን ግለት አንድ ቀን ያየ ይረዳቸዋል።

በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ መንግሥትም በዚሁ መንገድ ሄደ። ጨርጨር ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር፤ የተሾሙበትም ውጭ አገር የተማሩ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሩሲያ የተማሩት፣ «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሌላው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። አሰበ ተፈሪ የግዛቱ መቀመጫ ሆና የተደራጀችው በዚያ ዘመን ነው። ባቡሩ ከታች ሚኤሶ ላይ ይቆማል፤ ገዥው ግን ከላይ ይቀመጣል። ጣቢያው አጠገብ ከተማ መቆርቆር ለንግዱ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ሜዳው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ወባውም ነበረበት።

ሐኪም ወርቅነህ ትንሽ ይቆዩን። በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ይዘዋቸው ሄደው፣ ሕንድ አድገውና ሕክምና ተምረው፣ በርማ ውስጥ በሐኪምነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ያደጉበት የእንግሊዞች ሕንድ ሙቀትን የሚቆጣጠርበት ዘዴ ነበረው። ከጣሪያው ላይ ሰፊ ጨርቅ የተወጠረበት ሳንቃ ይንጠለጠላል፤ ከሳንቃው ላይ ገመድ ይታሰርና በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ በረንዳው ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመዱን ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ይጎትታል። ፑንካ ይባላል። ጌታው ውስጥ ሆኖ «ጠንከር አድርግ» ሲል ነፋሱ ይጨምራል፤ ጎታቹ ሲያንቀላፋ ነፋሱ ይቆማል። የቤትን አየር ከሩቅ የማዘዝ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ስልክ ነው። መጀመሪያ የታዘዘው ግን በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ነበር።

ይህ የሕንድ ብቻ ጉዳይ አልነበረም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዋረን ጆንሰን የተባለ መምህር የክፍሉን ሙቀት የሚከታተለው ጥበቃ በየሰዓቱ እየገባ ትምህርት ማቋረጡ አማርሮት፣ ሙቀቱ ሲለወጥ ምድር ቤት ያለው ጥበቃ ዘንድ ደወል የሚደውል መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ መብት አገኘበት። ዛሬ ግድግዳ ላይ የምናየው ቴርሞስታት ከሱ ዘር ነው። እዚያም ቢሆን ምድጃውን የሚያስተካክለው ሰው ነበር፤ ደወሉ ትእዛዙን ብቻ ነው ያደረሰው። በቆላው የጨርጨር ቤቶችም ማርፈጃው ላይ «ልጅ፣ ደጃፉን ውኃ እርጪበት» የሚል ድምፅ ይሰማል። የተረጨው ውኃ ሲተን አፈሩን ያቀዘቅዛል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ልጅቷ ደግማ ትላካለች።

ሐኪም ወርቅነህ አሰበ ተፈሪን ሚኤሶ ካለው የባቡር ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ አሠሩ። ደጋው ቡናውን ወደ ቆላው፣ ቆላው የባቡሩን ሸቀጥ ወደ ደጋው የሚሰድበት መንገድ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. የገቡት ጣሊያኖች የከተማዋን ስም ቀይረው «አስባ ሊቶሪያ» አሏት፤ በ1933 ሲወጡ ስሙም አብሮ ወጣ።

የቆላውን ከተሞች የሠራቸው ግን ገዥ አይደለም፤ ባቡር ነው። አልፍሬድ ኢልግና ሌዎን ሼፍኔ ፈቃዱን ከምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ሲቀበሉ፣ ሐዲዱ ሐረርን ይነካል የሚል ተስፋ ነበር። ተራራው አላስጠጋ አለ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከተራራው ሥር ቆመ፤ ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል የጨርጨርን ግርጌ ይዞ በሜዳው ነጎደ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ለዛሬዋ ምዕራብ ሐረርጌ እነ ሚኤሶንና አሰቦትን ሰጥቷታል። ሞተሩ ውኃ የሚጠጣበት፣ ሠራተኛው የሚያድርበት፣ ነጋዴው ዕቃ የሚጥልበት ጣቢያ ከተማ ሆነ። ባቡር ዳገት አይወድም፤ እሱን የተከተሉ ሰዎች ሁሉ ሙቀቱን አብረው ተረከቡ።

አጋጣሚው የሚያስገርም ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከመድረሱ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1902፣ ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ ንድፍ ሠርቶ ነበር። የሠራው ለሰው ምቾት ብሎ አይደለም። የበጋው እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙ በቦታው አልቀመጥ ብሎ ነው። ሰው ከዚያ ማሽን የተጠቀመው ከወረቀት በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል፣ ወደ ታች እንደሚታየው፣ በሐረርጌም ተደግሟል።

የባቡሩ ኩባንያ ለሠራተኞቹ ድሬዳዋ ላይ የሠራው ከዚራ ሰፈር ኤሌክትሪክ ያልነበረበት ዘመን የማቀዝቀዝ ዕውቀት ነው፦ ሰፊ መንገድ፣ በግራና ቀኝ ዛፍ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት፣ ዙሪያውን በረንዳ። አዋሽ ጣቢያ ያለው የቀድሞ «ቡፌ ደ ላ ጋር» ሆቴልም በዚያው መንፈስ ከአበባና ከጥላ ጋር ተሠርቷል። ሚኤሶና አሰቦት ግን የኩባንያ ከተማ አልነበሩም። ሰው እንደ አቅሙ ሠራ፤ አቅሙ ደግሞ ወደ ቆርቆሮ መራው።

ቆርቆሮ በቆላ ቤት ላይ የደረሰ ትልቁ ለውጥ ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም። ሣር ክዳን ውፍረት አለው፣ በሣሩ መካከል የታሰረው አየር ፀሐዩን ያግዳል፤ ነገር ግን ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ አያስቸግርም፣ ዝናብ አያሳልፍም፣ ባለቤቱንም ያስከብራል። ሙቀቱን ግን በቀጥታ ወደ ታች ይለቃል። ከቀትር በኋላ ሚኤሶ ውስጥ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት የገባ ሰው ከአናቱ ላይ የሚወርደው ግለት ይሰማዋል። ኮርኒስ የተገጠመው ለውበት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው፤ በድሃ ቤት አቡጀዲ፣ ደህና ባለው ቤት ቺፑድ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የሣሩን ሥራ በከፊል ይሠራል። ዛሬ ቆላ ላይ ኤሲ ያለ ኮርኒስ የሚያስገጥም ሰው ካለ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት እየለገሰ ነው።

ውኃውን የማቀዝቀዝ ጥበብ ከጣሪያው በተሻለ ቆይቷል። እንስራው ግድግዳው ላይ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲተን ውስጥ ያለውን ውኃ ያቀዘቅዘዋል። ፕላስቲክ ጀሪካን ሲመጣ ላቡ ቀረ፤ ሾፌሮች ግን መላ አላጡም። በቆላው መንገድ ላይ በሚያልፍ አይሱዙ ጎን የሚንጠለጠለውን ጀሪካን ልብ ብሎ ያየ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጆንያው ዙሪያውን ተሰፍቶ፣ ከላይ እስከ ታች በውኃ ርሶ ያገኘዋል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ጆንያውን ያደርቃል፤ ሲያደርቀው ውኃው ይቀዘቅዛል። ቆመው ሲጠጡ የተረፈውን ጆንያው ላይ መልሰው ያፈሱበታል። የካሪየር ማሽንም ቢሆን የሚሠራው ፈሳሽን እያተነነ ሙቀት በመንጠቅ ነው፤ ልዩነቱ ፈሳሹን መልሶ መያዙ ነው።

ጫቱም ሌላ ታሪክ አለው። የጨርጨር ገበሬ ኑሮ ዛሬ የቆመው ከቡና ይልቅ በጫት ላይ ነው፤ ጫት ደግሞ ሰዓት ያለበት ሸቀጥ ነው። የሚፈለገው ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ ሲጠወልግ ይቀንሳል፤ ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ እስሩ በእርጥብ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ ሌሊቱን ይጋዛል። መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ከሞተሩ በፊት የሚያስበው ለጫቱ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ቀዝቃዛ ነገር በጊዜ ሠሌዳ ማድረስ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቀው ጫት ነጋዴው ነው።

ሰዓትም ራሱ የማቀዝቀዣ ዘዴ ነበር፤ አሁንም ነው። በድሬዳዋና በሌሎች የምሥራቅ ቆላ ከተሞች ሥራ በጠዋት ይጀመራል፣ እኩለ ቀን ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ይቀጥላል። በዚያ መካከል በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ በርጫ ይያዛል። ቀዝቃዛው አየር የሚገኘው ከወለሉ አጠገብ ስለሆነ ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። ከሌላ አገር የሚመጣ ሹም ይህን ስንፍና ሲለው ይሰማል፤ ቀትር ላይ አሰቦት ላይ ቢሠራ ግን ሐሳቡን በአንድ ሳምንት ይለውጥ ነበር።

ከዚያ መብራት መጣ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አዋሽን የጠለፈው የቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ጀመረ። የአውራጃ ከተሞች ብዙዎቹ ግን ለረጅም ዘመን በናፍጣ ጄኔሬተር ማታ ማታ ብቻ ነበር የሚያበሩት። ሙቀቱ የሚያይለው ደግሞ በቀን ነው፤ እናም አምፖሉን ያበራው መብራት ቬንትሌተሩን ለማዞር አይደርስም ነበር። ቀን ከሌት የሚሠራ መስመር ሲገባ ነው ቬንትሌተር በቆላ ሱቅና ምግብ ቤት ቦታ የያዘው። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላብን ያደርቃል። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል።

ኤሲስ? እንደ ብሩክሊኑ ሁሉ እዚህም መጀመሪያ የቀዘቀዙት ዕቃዎች ናቸው። የጤና ጣቢያ ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የክትባቱ ፍሪጅ በቤቱ ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ ይበልጣል። የቴሌ መሣሪያዎች ሲሠሩ ይግላሉ፤ ስለዚህ በዓለም ዙሪያ እንደተለመደው ማቀዝቀዣ ይሰጣቸዋል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ከማማው ሥር ያለው መሣሪያ ራሱ ለማዕከል ምልክት ይልካል። ባንኮችም ኤቲኤም ሲያመጡ ማሽኑን የሚያቀዘቅዙበት ሳጥን አብረው አመጡ፤ ብር ሊያወጣ ገብቶ ቀዝቀዝ እስኪለው የዘገየ ደንበኛ በሚኤሶም በድሬዳዋም ይታያል። ከሩቅ ክትትል የሚደረግለት ማቀዝቀዣ ለቆላው እንግዳ አይደለም ማለት ነው። የተተወው ሰው ብቻ ነው።

ለተሳፋሪው ሰው ተራው የደረሰው በባቡር ነው። አሮጌው መስመር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የሥራው ውል ራሱ ሚኤሶ ላይ ነው የተከፈለው፦ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላ። ፉርጎዎቹ ማቀዝቀዣ አላቸው። ራምቦ ወራት በተለበለበበት አቅጣጫ ዛሬ ተሳፋሪ ነጠላውን ተከናንቦ ያልፋል። መስኮቱ ስለማይከፈት «ዝጋው» የሚል የለም፤ «ኤሲውን ቀንሱልን» የሚል ግን አለ።

ቀዝቃዛ አየር ወደ ውጭም ይሸጣል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር የኢትዮጵያን ውኃ ኃይል ወደ ወደቡ ከተማ ያደርሳል። ጅቡቲ ኤሌክትሪክ አብዝታ የምትፈልገው በበጋዋ ነው፤ ምክንያቱም ኤሲ ነው። ከአዋሽና ከጊቤ ተራሮች የወረደ ውኃ የጅቡቲን መኝታ ቤት ያቀዘቅዛል ማለት ይቻላል፤ መስመሩ ከሚነሳበት ምሥራቅ ደግሞ ብዙ ቤት በቬንትሌተር ይኖራል። ይህ ግን ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ አይደለም። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በጣም ሞቃት በሆኑ አካባቢዎች ከሚኖረው 2.8 ቢሊዮን ሕዝብ ኤሲ ያለው 8 በመቶው ብቻ ነበር።

የኤሲን ወሬ ወደ ቤት ያመጡት ግን ሰዎች ናቸው። ጅዳ፣ ሪያድና ዱባይ ሠርተው የተመለሱ የሐረርጌ ልጆች ኤሲን የሚያውቁት ከመሐንዲሱ በተሻለ ነው፤ ማጣሪያውን አጥበዋል፣ የጌታቸውን ሪሞት ፈልገዋል፣ በሌሊት «አጥፊው» ሲባሉ ተነሥተዋል። ቀደም ብሎ ፑንካ ጎታቹ፣ ጥበቃው፣ ውኃ የምትረጨው ልጅ የሠሩትን ሥራ እነሱም ሠርተዋል። ከነሱ አንዱ ተመልሶ ሚኤሶ ላይ ቤት ሲሠራና በራሱ ስልክ የራሱን ኤሲ ሲያዝ ነገሩን የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ አድርጎ ማየት ይከብዳል።

አሠራሩ ከሚወራው ይቀላል። የተራ ኤሲ ሪሞት በዓይን የማይታይ ብርሃን በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል እያርገበገበ ትእዛዝ ይልካል። ከቴሌቪዥን ሪሞት የሚለይበት ነገር አለ፦ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ዲግሪውን፣ የነፋሱን ፍጥነት፣ ማቀዝቀዝ ወይም ማሞቁን ሁሉ በአንድ ላይ ይልካል። ለዚህ ነው ሪሞቱ ላይ ትንሽ መስኮት ያለው። ኤሲውን ሳይቀይሩ ስማርት ለማድረግ የሚሸጠው እጅ የማይሞላ መሣሪያም ይህንኑ ብርሃን መላክ ነው የሚያውቀው፤ ከዋይፋይ ጋር ይገናኛል፣ የሪሞቱን ኮድ ያጠናል፣ ከስልክ የመጣለትን ይደግማል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። መሣሪያው ይናገራል እንጂ አይሰማም። እናት በአሮጌው ሪሞት ኤሲውን ቢያጠፉት፣ በልጃቸው ስልክ ላይ እንደ በራ ይቆያል። ዋይፋይ በውስጡ ያለው አዲስ ኤሲ ይህ ችግር የለበትም፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ኤሲን በስማርት ሶኬት ማብራትና ማጥፋት የሚመክር ሻጭ ካለ አይሰማ፤ የኮምፕረሰሩን ጭነት ብዙዎቹ ሶኬቶች አይችሉትም።

የስማርት ሆም ታሪክ ያደገው መብራት በማይጠፋበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የስኮትላንዱ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ ያወጣው ኤክስ10 የተባለ ሥርዓት ትእዛዙን የሚልከው በቤቱ የመብራት ሽቦ ላይ ነበር፤ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ነው። ዛሬም ብዙው አፕ ትእዛዙን መጀመሪያ ባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒውተር ልኮ ነው ወደ ራስጌ የሚመልሰው፤ ኢንተርኔቱ ሲቆም ሰውየው ከኤሲው ሥር ተቀምጦ ኤሲውን ማዘዝ ያቅተዋል። እንደ ሆም አሲስታንት ያሉ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሥርዓቶችና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማተር የተባለ ስምምነት ይህን ለማረም የመጡ ናቸው። በድምፅ ማዘዝስ? በድምፅ የምትታዘዘው አሌክሳ ከምትሰማቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛም ኦሮምኛም የሉም። የስልክ መረብ ግን አለ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እንኳ አገልግሎቱን መጀመሪያ ለሙከራ የከፈተው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚያው ምሥራቅ፣ ድሬዳዋ ላይ ነው።

ሒሳቡ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎዋት የሚወስድ ኤሲ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ አጠቃቀም ሲጨምር እየናረ ስለሚሄድ፣ ኤሲው ብቻውን ቤቱን ከርካሹ እርከን ያወጣዋል። ሃምሳ ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በዚያው ሰዓት የሚበላው 12 ነው። የስልክ ቁጥጥር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በሌለበት የሚያቀዘቅዘውን ኤሲ ያጠፋል፣ ኢንቨርተር ያለው ከሆነም በ26 ዲግሪ ላይ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ያደርገዋል። ኃይሉ በአገር ደረጃ አልጠፋም፤ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የቀረው ከማከፋፈያው እስከ ቆጣሪው ያለው መንገድ ነው።

ጭሮ፣ ሂርና ወይም ቁኒ ላይ የሚኖር ሰው ገንዘቡን ለሌላ ነገር ቢያውለው ይሻላል፤ እዚያ መስኮት ይበቃል። በሚኤሶ ወይም በአሰቦት ቤት የሚሠራ ግን መጀመሪያ ኮርኒሱን ከፍ አድርጎ ይምታ፣ በፀሐይ መጥለቂያ በኩል በረንዳና ዛፍ ያድርግ፣ ስታብላይዘሩን ከኤሲው ጋር አብሮ ይግዛ። ኤሲውን ሲመርጥም ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ በነበረበት ዲግሪ ራሱ ይነሳል ወይ? ካልተነሳ ስልኩ «በርቷል» እያለው ቤቱ እንደ ጋለ ይቆየዋል።